ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ ገመዱን ፍቱ

ይህን የምጽፈው ጣና ዳር አህያ ለምታስጭኑ፣ ጋሪ ለምትነዱና በቅሎ ለምታስቀምጡ ነው። ባሕር ዳር ከተማ መሀል ያላችሁም "እኛ ጋ ጎርፍ የለም" ብላችሁ አትለፉት። ቅዳሜ ገበያ እንጨትና ከሰል አዝለው የሚገቡት አህዮች ማታ የሚመለሱት ወደ ሜዳው ነው፤ የናንተም የጋሪ ፈረስ ቢሆን ክረምት ላይ ለግጦሽ የሚሄደው ረግረግ ዳር መሆኑን ታውቁታላችሁ።

የጎርፍ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ውሃው ነው የሚያወራው። እኔ ግን ከውሃው ይልቅ ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል። አንደኛው እንስሳው የታሰረበት ገመድ ነው። ሁለተኛው ውሃው ከሸሸ በኋላ ባሉት ቀናት የምናበላው ነገር ነው። አህያም ፈረስም በቅሎም መዋኘት ይችላሉ። ችካል ላይ በሸምቀቆ የታሰረ ግን አይዋኝም።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። ወደ ጣና የሚገቡት ርብና ጉማራ ወንዞች የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ጣና ግን 1786 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ጉና ላይ ሲያወርደው ካደረ፣ ታች ሐይቁ ዳር ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሞልቶ ሊመጣባችሁ ይችላል። ሐይቁ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ዝናቡ ሲጀምር ወዲያው አይሞላም፤ ቀስ እያለ ጨምሮ ከፍ ያለ ቁመቱ ላይ የሚደርሰው መስከረም አካባቢ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሐይቁ ሲሞላ የወንዞቹን ውሃ ቶሎ አይቀበልም፣ ውሃውም ወደ ሜዳው ይተኛል። በ1998 ክረምት መጨረሻ ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደንቢያን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ሰውንም ከብትንም ያፈናቀለ ነበር። "እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ ከዚህ በኋላ ምን ይመጣል" ብላችሁ የምትዘናጉ ካላችሁ፣ ለሐይቅ ዳር ሰው ገና ነው።

ግንቦት ላይ የሚሠራ ሥራ

ዝግጅቱ የግንቦት ሥራ ነው። ሐምሌ ላይ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኖ አትደርሱም።

የምትወጡበትን ከፍታ ቦታ አሁኑኑ ምረጡ። ዘመድ ያለበት ጉብታ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም ሌሊት ሦስት አህያ ይዛችሁ ስትደርሱ በር የሚከፍትላችሁ ሰው ያስፈልጋል። አስቀድማችሁ አነጋግሩት። ከዚያ መንገዱን ከአህያዋ ጋር አንዴ ሂዱበት። የትኛው ቦይ ቀድሞ እንደሚሞላ፣ የትኛው ድልድይ እንደሚዘጋ በእግራችሁ ስትሄዱ ነው የሚገባችሁ። አጭሩ መንገድ ወንዝ የሚያሻግር ከሆነ ረጅሙን ያዙ።

እግረ መንገዳችሁን ውሃ አለማምዷት። አህያ ውሃ አትወድም፣ ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ግትር ናት ይላል፤ እኔ አልስማማም። ፈረስ ሲፈራ ይሮጣል፣ አህያ ስትፈራ ቆማ ታስባለች። የውሃውን ጥልቀት ስለማታውቅ እስክታረጋግጥ አትገባም። እውነቱን ለመናገር ከኛ የተሻለ ጭንቅላት አላት። ስለዚህ በበጋ፣ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ውሃ ውስጥ፣ ውሃ የለመደ ጓደኛዋን ከፊት አስቀድማችሁ ደጋግማችሁ አሻግሯት። በዱላ ከሆነ የምትማረው ውሃ ማለት ዱላ ማለት መሆኑን ብቻ ነው፣ የጎርፍ ቀንም አንድ እርምጃ አትነቃነቅላችሁም።

አሁን ወደ ገመዱ። በአንገት ላይ ሸምቀቆ ይቅር። በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። በጭንቅላቷ ዙሪያ የሚውል፣ ሲሳብ የማያንቅ ማሰሪያ ሥሩላት። የፊት እግሮቿን አስራችሁ ለግጦሽ የመልቀቅ ልማድ ያላችሁም ክረምት ላይ ተዉት፤ እግሯ የታሰረ አህያ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥም ልትሰጥም ትችላለች። የቃጫ ገመድ ሲርስ ያብጥና ቋጠሮው በጣት አይፈታም። ጠፍር ደግሞ ሲርስ ይለጠጥና ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያኔ ቆዳ ይቆርጣል።

ቋጠሮውን እንዲህ አድርጉት። ገመዱን በችካሉ አዙሩት። ከዚያ ጫፉን ሙሉ በሙሉ አታሳልፉት፤ እጠፉትና እጥፋቱን ብቻ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋችሁ አጥብቁት። የጫማ ክር ስታስሩ እንደምታደርጉት ማለት ነው። እንስሳው ወደ ራሱ ሲስብ ይይዛል፣ እናንተ የተረፈውን ጫፍ ሳብ ስታደርጉት ሁሉም ይፈታል። ይህን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ እጃችሁን በውሃ አርሳችሁ ተለማመዱት፤ በቀን ብቻ የሚመጣ ጎርፍ የለምና። ልጆቹም ይወቁት። አህያዋን ውሎ የሚጠብቃት ማን ሆነና! ከዚህ በተጨማሪ አንድ ማጭድ የጋጣው በር ላይ ሰክታችሁ አኑሩ፣ ቋጠሮው እምቢ ካለ ገመዱን ለመቁረጥ። የጋጣው በርም በቁልፍ አይዘጋ። ቁልፉ ከቤቱ ሰውዬ ጋር ገበያ ሄዶ ውሃ ቢመጣስ?

ምልክት አድርጉባቸው። በስልካችሁ ከግራና ከቀኝ ፎቶ አንሱ፣ ጠባሳና ነጭ ነጥብ ካለ ጠጋ ብላችሁ አንሱት። ክረምቱ ሲገባ ሰኮናዋ ላይ በዘይት ቀለም የስልካችሁን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ጻፉ፤ ቀለሙ ሲለቅ ድገሙት። ጎርፍ ሲያልፍ አሥር ዳለቻ አህያ አንድ ሜዳ ላይ ይገኝና ሁሉም "የኔ ናት" ይላል።

መኖ ላይ ልክ ይኑራችሁ። የኛ አህዮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ይመዝናሉ፣ በቀን 2 ወይም 3 ኪሎ ደረቅ ገለባ ይበቃቸዋል። የጋሪ ፈረስ 5 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል። የ10 ቀን ካስቀመጣችሁ ለአህያ 30፣ ለፈረስ 50 ኪሎ ነው። ቆጥ ሥሩና ከላይ ሸራ ወይም ላስቲክ አልብሱት፤ መሬት ላይ የተከመረ ጭድ በመጀመሪያው ቀን ይበላሻል። ከተቻለ ግማሹን ከፍታ ቦታ ያለው ዘመድ ቤት ቀድማችሁ አድርሱ።

ክትባትም የዚህ ወቅት ነገር ነው። ፈረስና በቅሎ ያላችሁ የወረዳ እንስሳት ክሊኒክ ሄዳችሁ ስለ አፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ጠይቁ። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ ነች፣ ትንኝ ደግሞ ውሃ በተኛበት ትፈላለች። ፈረስን ቶሎ ይገድላል፣ በቅሎንም ይጎዳል፣ አህያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትቋቋመዋለች። ስለ አባ ሰንጋ ክትባትም እዚያው ጠይቁ።

ውሃው ሲመጣ

"ትንሽ እንይ" አትበሉ። እንስሳ ይዞ መውጣት ሰው ብቻውን ከሚወጣው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። ወንዙ ደፈርሶ ግንድና ሣር ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ከላይ ያሉ ሰዎች ደውለው "ሞልቷል" ካሏችሁ ተነሱ።

ጋሪውን ተዉት። ይህን በደንብ ልድገመው፦ ጋሪውን ተዉት። የጋሪ ጎማ አየር የተሞላ ነው፣ ውሃው ከፍ ሲል ጋሪው ይንሳፈፍና ወደ ጎን ይዞራል፣ ከዚያ በመካከል የተጠመደውን ፈረስ ይዞት ይገለበጣል። ጋሪ ሌላ ይሠራል። ፈረሱን ጎትጉታችሁ በጎርፍ መንገድ ከማሻገራችሁ በፊት ፍቱት፣ ልጓሙንም አውልቁለት። ኮርቻና ጭነትም ይውረድ። "እህሉን ይዛልኝ ትውጣ" ብሎ ሁለት ጆንያ የሚጭን ሰው አይጠፋም፤ እህሉም አህያዋም አብረው ይሄዳሉ።

ስትነዷቸው ጓደኛሞቹን አትነጣጥሉ። አህያ አብራት ከኖረችው ስትለይ ምግብ እስከ ማቆም ትደርሳለች። መሪ የሆነችውን ከፊት አድርጉ፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ውርንጭላ ካለ ከእናቱ ጎን ይሁን፣ ወራጅ ውሃ ካለ ደግሞ እናቲቱ ውሃው በሚመጣበት በኩል ሆና ትከልለው።

የተኛ ውሃና የሚወርድ ውሃ አንድ አይደሉም። የተኛ ውሃ ጉልበት ቢደርስ ታልፉታላችሁ። የሚወርድ ውሃ ግን የአህያዋ ሆድ ከነካ አትሞክሩት፣ ጎኗን ገፍቶ ይጥላታል። እምቦጭ የሸፈነውን ቦታ ደግሞ ጭራሽ እንዳትረግጡ፤ አረንጓዴ መስክ ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ አይታይም።

መዋኘት ግድ ከሆነ በጀርባው ላይ አትቀመጡ፣ ጭንቅላቱንም ወደ ላይ አትሳቡ። ራሱ ያውቅበታል። ከጎኑ ሆናችሁ ጋማውን ይዛችሁ ዋኙ፤ ከፊቱ ከሆናችሁ በፊት እግሮቹ ይመታችኋል። በታንኳ ወይም በጀልባ ከሆናችሁ ገመዱን ሰው በእጁ ይያዝ እንጂ ጀልባው ላይ አይታሰር። መውጫው ደረት የሆነ ገደል ሳይሆን ቀስ እያለ ከፍ የሚል ይሁን፤ ደክሞ የደረሰ እንስሳ ገደል መውጣት አይችልም።

ጭራሽ ይዞ መውጣት ካልተቻለስ? ያኔ ፍቱት፣ በሩን ክፈቱት፣ ልቀቁት። ገመዱን ከላዩ አውልቁ፣ እየጎተተ ከሄደ ግንድ ላይ ይያዛል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ራሱን ችሎ ከፍታ ሊፈልግ የሚችለው ተለቆ ነው። ለአህያ ብላችሁ ራሳችሁን ውሃ ውስጥ አትክተቱ፤ አህያዋን የሚያነሳት ሰው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

መብረቅ ካለ ብቻውን የቆመ ዋርካ ሥር ወይም የሽቦ አጥር ላይ አትሰሯቸው። የወደቀ የኤሌክትሪክ ገመድ ካያችሁ ደግሞ ውሃው ውስጥ እንስሳውንም ራሳችሁንም አታስገቡ። እግሮቻቸው ተራርቀው ስለሚቆሙ ከኛ ይልቅ መሬት ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይጎዳቸዋል።

ዋልካ ውስጥ የሰመጠች አህያ

የፎገራን ጥቁር አፈር የረገጠ ያውቀዋል። ሰኮናውን ይውጥና አይለቅም። አህያዋ እስከ ሆዷ ስትሰምጥ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ጅራቷን ወይም አንገቷን መጎተት ነው። አታድርጉት። አንገት ይቀጫል፣ እግር ይሰበራል፣ ጭቃው ግን አይለቅም፤ የያዛት ክብደቷ ሳይሆን እግሯን መጥጦ የያዘው ጭቃ ነውና።

መጀመሪያ ጭንቅላቷን አድኑ። ጭድ የሞላ ጆንያ ከአገጯ ሥር አድርጉላት፣ አፍንጫዋ ጭቃ እንዳይስብ። ፊቷን በጨርቅ ጥረጉ፣ አንድ ሰው አጠገቧ ሆኖ ያረጋጋት። ከዚያ አጣና፣ ጣውላ፣ የሩዝ ገለባ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ ዙሪያዋን አንጥፉ፤ አለበለዚያ እናንተም ትሰምጣላችሁ። በእያንዳንዱ እግር አጠገብ ቀጭን አጣና ወደ ታች እየሰካችሁ ወዝውዙት፣ በቀዳዳው ውሃ አፍስሱ። ቡል ቡል የሚል ድምፅ ስትሰሙ አየር ገብቷል፣ የጭቃው መሳብ ላልቷል ማለት ነው። ሁለት ጆንያ ሰፍታችሁ ወይም ሰፊ መቀነት አጥፋችሁ ከፊት እግሮቿ ጀርባ በደረቷ ሥር አሳልፉ። ቀጭን ገመድ አይሁን፣ ቆዳዋን ይቆርጣል። አምስት ስድስት ሰው ሆናችሁ፣ በአንድ ድምፅ፣ ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። በጎኗ ተኝታ ብትንሸራተት ጥሩ ነው። ስትወጣ ወዲያው እንድትቆም አትጎትጉቷት። ጊዜ ስጧት፣ አድርቋት፣ ጀርባዋን በጆንያ ሸፍኑ። የአህያ ጠጉር እንደ ፈረስ ውሃ አይከላከልም፤ ዝናብ እስከ ቆዳዋ ይገባል፣ ብርድም ቶሎ ይይዛታል።

ከፍታው ላይ የምታድሩት መጀመሪያ ሌሊት የጅብ ሌሊት ነው። ውሃ ሸሽቶ የወጣው እናንተ ብቻ አይደላችሁም። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ይባላል፣ ስለዚህ አህዮቹን መሀል አድርጋችሁ፣ ከብቶቹን ዙሪያውን አሰልፋችሁ፣ እሳት አንድዳችሁ ተራ በተራ ጠብቁ። ኩበት ካጨሳችሁ ትንኙንም ያባርርላችኋል።

ውሃው ሲሸሽ

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀን ያልበላ ፈረስ አይታችሁ አንጀታችሁ ይላወስና አንድ ባልዲ ፉርሽካ ወይም አተላ ታቀርቡለታላችሁ። ፈረስ አያስመልስም። የበላው ሆዱ ውስጥ ይነፋና ቁርጠት ይይዘዋል፣ ይንከባለላል፣ ላብ በላብ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል። እህል የበዛበት ደግሞ ሰኮናው ውስጥ ይቃጠልና መቆም ያቅተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ንጹህ ውሃ፣ በትንሽ በትንሹ። ቀጥሎ ደረቅ ገለባ በእፍኝ በእፍኝ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። እህልና ፉርሽካ ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ያውም በጥቂቱ።

ጎርፍ የነካውን እህል "ለሰው ባይሆን ለአህያ ይሆናል" አትበሉ። የሻገተ ነገር አህያንም ይገድላል። የሩዝ ገለባውንም በእፍኛችሁ ዘግናችሁ አሽትቱት፤ የእርጥበት ሽታ ካለው ወይም ሲራገፍ ነጭ ብናኝ ካወጣ ጣሉት። ስለ ጓያ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጎርፍ የሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ የሚዘራው ጓያ ነው፣ ሌላ መኖ ሲጠፋ እሱ ይትረፈረፋል። ፈረስ ግን ጓያ አይችልም። ሰንብቶ የኋላ እግሩን ያሽመደምደዋል፣ ጉሮሮውን ያጠብበውና ሲሠራ እያፏጨ ይተነፍሳል፣ በሥራ መሀል ታፍኖ ይወድቃል። በሬ የበላውን ሁሉ ፈረስ ይበላል ማለት አይደለም።

አህያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተከታተሉ። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ካለች ነገ ትበላለች ብላችሁ አትጠብቁ። አህያ ስትራብ የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ ይፈስና ጉበቷን ይጎዳል፣ በተለይ የወፈረችና ያረገዘች ከሆነች። ጆሮዋን ጥላ፣ ጭንቅላቷን ደፍታ ከቆመች በዚያው ቀን ሐኪም ጥሩ። እስከዚያ ጓደኛዋን አጠገቧ አቁሙ፣ በእጃችሁ ለስላሳ ሣር አቅርቡላት።

የጎርፍ ውሃ አታጠጧቸው፤ የመጸዳጃ ቤቱም የተባይ መድኃኒቱም እዚያ ውስጥ ነው። ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር፣ አህያ ከ10 እስከ 25 ሊትር ትጠጣለች፣ ስለዚህ ጀሪካኑን በዚያ ልክ አስቡት። ረግረግ ላይ ከጠጣች በኋላ ከአፍንጫዋ ወይም ከአፏ ደም ቢፈስ አልቅት ሊሆን ይችላል። ትምባሆ አትጨምሩባት፣ ይመርዛታል፤ ክሊኒክ ውሰዷት።

እግራቸውን በየቀኑ እዩ። ጭቃውን አጥባችሁ አድርቁ፣ ሰኮናውን ጎርጉሩ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ፈልጉ። ቁስል ካለ አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እጠቡት። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የጋለ ብረት፣ ይሄ ሁሉ ይቅር። ጥልቅ ቁስል ከሆነ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ እንዲሰጠው ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ፈረስ በአፍንጫው አረፋ ካወጣ፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ ያ ትንኟ የምታስተላልፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ያልታመሙትን ከምሽት እስከ ንጋት ቤት ውስጥ አስገቡ።

የሞተ እንስሳ ካገኛችሁ፣ በተለይ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር ደም የፈሰሰ ከሆነ፣ አትክፈቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉት፣ ለጅብም አትጣሉት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ለወረዳው እንስሳት ጤና ደውሉ፣ ሁለት ሜትር ገደማ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል። ወንዝ ውስጥ መጣልማ የጎረቤትን ውሃ መመረዝ ነው። ቀበሌው የጉዳት ምዝገባ ሲያካሂድ ላምና በሬ ብቻ ጠርታችሁ እንዳትመለሱ፤ አህያዋንም አስመዝግቡ፣ ፎቶውን አሳዩ።

ወደ ሥራ ሲመለሱ አትቸኩሉ። ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋችሁ ይገባኛል፣ ጎርፍ የወሰደውን ለመመለስ ሁሉም ጭነት ፈላጊ ነው። ነገር ግን ርሶ የላላ ቆዳ ላይ ያላበው ኮርቻ ሲፈትግ ቆዳው በአንድ ቀን ይገሸለጣል፣ ያ ቁስል ደግሞ ወር ያስቀምጣል። ጀርባው ደርቆ፣ ኮርቻውም ሥሩ ያለው ጆንያም ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ እንስሳው ያለ ጭነት ሄዶ ሲመለስ ካላነከሰና በደንብ ከበላ፣ ያኔ በግማሽ ጭነት ጀምሩ። አህያዋ ትሠራው ከነበረው ግማሹን ለአንድ ሳምንት ያህል ትሥራ፣ ከዚያ ጨምሩላት።